የገሰሰ ድንጋይ

ፖስታው የደረሰው በ2011 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። ፕሮፌሰር ባንተአምላክ ገሰሰ የጠዋት ክፍሉን አስተምሮ፣ ጣቶቹ ላይ የጠመኔ ብናኝ እንዳለ ቢሮው ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አገኘው። ወፍራም፣ ቡናማ፣ «ምስጢር» የሚል ቀይ ማኅተም ያረፈበት። እንዲህ ያለ ፖስታ ለእሱ አዲስ አልነበረም። ደብረ ታቦር ላይ የሕዝብ አስተዳደር ከሚያስተምሩት ውስጥ ሙሉ ፕሮፌሰር እሱ ብቻ ስለነበር፣ በሌላ ከተማ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ማዕረግ የጠየቁ መምህሮቻቸውን ሥራ እንዲመዝንላቸው ይልኩለታል። ማን እንደሚመዝነው አመልካቹ አያውቅም። መዛኙ ግን ማንን እንደሚመዝን ያውቃል።

ፖስታውን በእርሳስ ጫፍ ቀደደው። የአመልካቹ ስም ከላይ ተጽፏል፤ ተባባሪ ፕሮፌሰር ዳኛቸው ብርሃኑ። የሚጠይቀው ማዕረግ ሙሉ ፕሮፌሰር።

ባንተአምላክ ተነሥቶ በሩን ቆለፈ። ተመልሶ ተቀመጠና ከክምሩ አናት ላይ ያለውን ጥናት ሳበ። አመልካቹ «ስሜን ያስጠራ ሥራ» ብሎ ያስቀደመው እሱን ነው፤ በ1990 ዓ.ም. የታተመ፣ «ቢሮ የሌለው አስተዳደር፤ በጉና ተራራ የአውጫጭኝ ሥርዓት» የሚል። ማንበብ አላስፈለገውም። በየትኛው ገጽ ላይ የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሚጀምር ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃል። የጻፈው እሱ ነበርና።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ባንተአምላክ ሃያ አንድ ዓመት አልረሳም።

የተወለደው ጅባራ ሜዳ ነው። ጉና ላይ፣ ገብስና ድንች እንጂ ሌላ እህል የማይበቅልበት፣ በሰኔ ጭጋጉ ከበጎቹ ጋር አብሮ በረት የሚገባበት ቀበሌ። እዚያ ፖሊስ ጣቢያ የለም፤ ፍርድ ቤቱም የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በግ ሲሰረቅ፣ የተከለለ የጓሳ ሣር በስውር ሲታጨድ፣ የተበደለው ሰው ይጮኽና አውጫጭኝ ይጠራል። ያን ጊዜ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሁሉ ከኮሶው ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። የቀረ በራሱ ላይ ጥርጣሬ ጠራ ማለት ነው። ከዛፉ ሥር ሰባት ድንጋዮች አሉ፤ ሰባት ሽማግሌዎች ይቀመጡባቸዋል። ሽማግሌዎቹ ከሕዝቡ መካከል በምስጢር ሰዎች ይመርጣሉ፤ «ወፍ» ይባላሉ። ወፍ አየሁ፣ ሰማሁ ያለውን ለሽማግሌዎቹ ብቻ ይናገራል፤ ማን ወፍ እንደነበረ እስከ ዕለተ ሞቱ አይታወቅም።

ሥርዓቱ ሁለት ጥብቅ ሕግ አለው። ወፍ የሚሆን ሰው ከሚጠቁመው ሰው ጋር ቂም ሊኖረው አይገባም። ድንጋዩ ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ ደግሞ በቤቱ ሌባ፣ በሆዱ ቂም ሊኖር አይገባም። የጅባራ ሜዳ ሰው ይህን ሲያሳጥረው፣ «ድንጋዩ አይሸከመውም» ይላል።

ከሰባቱ ድንጋዮች አንዱ፣ ከዛፉ ግንድ ጋር የተጠጋው፣ የአባቱ የገሰሰ ነበር።

ባንተአምላክ ለሁለተኛ ዲግሪው አዲስ አበባ ሲማር፣ ሌሎች ስለ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት መዋቅር ሲጽፉ እሱ ስለ ሰባቱ ድንጋዮች እጽፋለሁ አለ። አማካሪው ዶክተር ዳኛቸው ከውጭ የተመለሰ ወጣት መምህር ነበር፤ ክራቫቱ የማይላላ፣ ሳቁ ሰፊ። «ወርቅ ላይ ቆመሃል!» አለው። «ሂድ፣ ሁሉንም ጻፍ፣ ምንም እንዳታስቀር።»

በ1989 ዓ.ም. ሦስት ወር አገሩ ተቀምጦ ሦስት ደብተር ሞላ። ከሁሉ የበለጠ የነገረው አባቱ ነው። ግን አባት ለልጅ ምስክር መሆኑ በአገሩ ደንብ ነውር ነበር፤ ገሰሰም ገና ሲጀምሩ፣ «ስሜን ወረቀትህ ላይ እንዳታነሣ፤ እየነገርኩህ ያለሁት አባትህ ሆኜ ነው» ብሎት ነበር። ስለዚህ ባንተአምላክ ለአባቱ ስም አወጣለት፤ ሙላቴ። በጅባራ ሜዳ ሙላቴ የሚባል ሰው ስላልነበረ መረጠው። ይህን የሚያውቁት አባትና ልጅ ብቻ ነበሩ።

ሲመለስ ሦስቱን ደብተርና በእጁ የጻፈውን ረቂቅ ለዳኛቸው ሰጠ። ግልባጭ አላስቀረም። ዛሬ ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ይገርማቸዋል። ነገር ግን የቄስ ትምህርት ቤት ያሳደገው፣ የመምህሩን እግር አጥቦ የተማረ ሰው፣ ከመምህሩ ደረሰኝ አይጠይቅም። እጅ ነሥቶ አስረክቦ ይሄዳል። እሱም እንደዚያው አደረገ። ረቂቁ በታይፕ ተመትቶ ተመለሰለት፤ ደብተሮቹና የእጅ ጽሑፉ ግን ዳኛቸው ዘንድ ቀሩ።

ጽሑፉን ለመከላከል ፈታኞች ፊት የቀረበ ዕለት፣ ከፈታኞቹ አንዱ ገና የማተሚያ ቤት ሽታው ያልለቀቀው መጽሔት ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ «ይህን አንብበኸዋል?» አለው።

የራሱ ሥራ ነበር። የዳኛቸው ስም ተጽፎበታል።

ዳኛቸውን አየው። ዳኛቸው አንገቱን ደፍቶ፣ እንዳዘነ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ረቂቄን ለማጣቀሻ ብዬ ሰጥቼው ነበር። ልጅ ነው፤ ችግር ቢኖርበት ነው» አለ። ያች «ልጅ ነው» የምትለዋ ቃል ከሁሉ በላይ ሆዱ ገባች። ከክሱ ይልቅ አዘኔታው አቃጠለው።

«የሌላውን ሰው ሥራ ሰርቆ በመገኘቱ» የሚል ደብዳቤ ይዞ ወጣ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ጉና ደርሶ ነበር። አባቱ ሦስት ቀን ዝም አለው። በአራተኛው ቀን፣ ማታ እሳት ዳር፣ «ወስደሃል?» ሲል ጠየቀው።

«አልወሰድኩም፣ አባቴ። ከኔ ነው የተወሰደው።»

ገሰሰ ራሱን ነቀነቀ። ዳግመኛ አልጠየቀውም።

በሚቀጥለው አውጫጭኝ ግን ገሰሰ ከድንጋዩ ብድግ ብሎ እንዲህ አለ፤ «ከቤትህ ሌባ ወጥቷል ተብያለሁ። ልጄን አምነዋለሁ። ነገር ግን ለልጄ እኔ ልመሰክርለት አልችልም። ነገሩ እስኪጣራ ድንጋዩ አይሸከመኝም።» ሽማግሌዎቹ ለመኑት፤ እምቢ አለ። ሄዶ ከሕዝቡ ኋላ፣ ከእንግዳና ከጎረምሳ ጋር፣ ዱላውን ተደግፎ ቆመ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ። በስድስቱ ዓመት የተጠራ አውጫጭኝ አንድም አልቀረበትም፤ ሁሉንም ቆሞ ሰማ። ጉልበቱ ሲከዳው እንኳ የሣር ጉዝጓዝ ሲያቀርቡለት አልተቀመጠም። በ1996 ዓ.ም. ሞተ። ሽማግሌዎቹም ነገሩ ሳይጣራ ሌላ ሰው አናስቀምጥበትም ብለው ድንጋዩን ባዶውን ተዉት።

ባንተአምላክ ፕሮፌሰር የሆነው በዚያ ድንጋይ ምክንያት ነው። ሰው ስለ ትምህርት ፍቅሩ ሲያነሣበት አንገቱን ደፍቶ ያልፈዋል፤ እውነቱን ግን ያውቀዋል። እብናት ሁለተኛ ደረጃ አራት ዓመት የታሪክ መምህር ሆኖ አቧራ ሲቅም፣ ከዚያ ህንድ አገር ሄዶ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪውን እንደገና ከሀ ሲጀምር፣ ከዚያም ተመልሶ ከረዳት ወደ ተባባሪ፣ ከተባባሪ ወደ ሙሉ ፕሮፌሰር አንድ በአንድ ሲወጣ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቆሞ የሚያየው ዳኛቸው አሁን የት ደረጃ ላይ እንዳለ ነበር። አንድ ጊዜ ስለ ባህላዊ ዳኝነት የጻፈውን ጥናት መጽሔቱ መልሶ ላከለት፤ «በዘርፉ ቀዳሚ የሆነውን የዳኛቸውን ሥራ አልጠቀሱም» የሚል ማስታወሻ ተያይዞበታል። ጠቀሰ። የአባቱን ቃል ለመጻፍ ከጎኑ በቅንፍ የሌባውን ስም አኖረ። በዚያ ቀን ቤቱ ገብቶ ምሳ አልበላም።

ሚስቱ ሰላማዊት የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ምላሷ የሰላ። «አንተኮ የተጋባኸው ከኔ ጋር አይደለም» ትለዋለች። «ከዳኛቸው ጋር ነው። እኔ ውሽማ ነኝ።»

ፖስታው በመጣ ዕለት የፖስታውን ነገር ነገራት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እግዜር በእጅህ ጣለልህ! ምን ትጠብቃለህ?»

«ቅጹ መጨረሻ ላይ ጥያቄ አለ። ከአመልካቹ ጋር ጠብ ወይም ቂም አለዎት ወይ ይላል።»

«የለም በላ! ማን ያውቃል?»

«ወፍ ሁን ነው የምትዪኝ?»

«ምን ወፍ? ጭልፊት ሁን!»

ሳቀ። ሦስት ቀን ግን ያን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሲያየው ሰነበተ። አንዲት ቃል ብትጻፍ ሰውዬው አለቀለት። በማን እንደተመታ እንኳ ሳያውቅ ይወድቃል። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ተገለጠለት። ዳኛቸው ማዕረጉን ቢያጣ ጅባራ ሜዳ ውስጥ የሚሰማ የለም። ገሰሰ እንደቆመ ይቀራል። በዚያ ላይ ደግሞ ዳኛቸው አለማወቁ! በስውር የተመታ ሰው ዕድሉን ይረግማል እንጂ በደሉን አያስብም። ባንተአምላክ የፈለገው እንዲያስበው ነው። በቀን፣ በሰው ፊት፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ።

ቅጹ ላይ «አለ» የሚለውን መርጦ፣ ከሥሩ «ቂም አለብኝ» ብሎ በእጁ ጻፈና መለሰው። ከዚያ ሌላ ወረቀት አወጣ።

የዚያ ዓመት የጥናት ጉባኤ ሰብሳቢ እሱ ነበር፤ ጉባኤው በግንቦት ይካሄዳል። ለዳኛቸው የጻፈው የግብዣ ደብዳቤ ከማር የጣፈጠ ነበር። «የክብር ተናጋሪያችን እንዲሆኑ እንጠይቃለን፤ በሁለተኛው ቀን ዝነኛው ጥናትዎ ወደተወለደበት ወደ ጅባራ ሜዳ ከእንግዶቻችን ጋር ወጥተው ከሕዝቡ ጋር ይወያያሉ» ይላል። ማዕረግ የጠየቀ ሰው እንዲህ ያለ ግብዣ አይገፋም። መልሱ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጣ፤ «በታላቅ ደስታ! እዚያ መንደር ልቤ ቀርቷል።»

ባንተአምላክ ይቺን ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ አነበባት። ከዚያ ቅዳሜ ጠብቆ ወደ ጉና ወጣ።

ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው አያ ትእዛዝ ናቸው። የገሰሰ የልጅነት ጓደኛ፤ አንድ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። አጥራቸው ሥር ተቀምጠው ገመድ ሲገምዱ አገኛቸው።

«አያ ትእዛዝ፣ አውጫጭኝ ይጠራልኝ።»

«ምን ጠፋብህ?»

«ሦስት ደብተር።»

ሽማግሌው ገመዱን አቆሙ። «ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሃያ አንድ ዓመት።»

«ደብተር ሃያ አንድ ዓመት ይቆያል?»

«ይሄኛው ወልዷል፣ ተዋልዷል።»

በደህናው ዓይናቸው አተኩረው አዩት። «የምትጠረጥረውን አትንገረኝ» አሉ።

«አልነግርዎትም፤ ሕጉን አውቃለሁ። ቀኑን ብቻ ነው የምነግርዎት።»

ግንቦት ደረሰ። በመጀመሪያው ቀን ዳኛቸው ከተማው ላይ ባደረገው ንግግር ታላቅ ጭብጨባ ተቀበለ። ሸምግሏል፤ ጸጉሩ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ሳቁ ግን ያው ነው። ራት ላይ ወደ ባንተአምላክ ጎንበስ ብሎ፣ «ስምዎን የሆነ ቦታ የማውቀው ይመስለኛል» አለው።

«አንዳንድ ነገር ጽፌያለሁ» አለ ባንተአምላክ።

«ይሆናል፣ ይሆናል» አለና ሥጋውን ቆረጠ።

አልመጣለትም። ባንተአምላክ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ሰው ሲያስብ ኖሯል፤ እሱ ግን ረስቶታል። ነገሩ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ እንኳ አልነሣውም። ባንተአምላክ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልቡ ጥግ ላይ ትንሽ ርኅራኄ ነበረችው ይሆናል፤ ያች ራት ላይ ሞተች።

በማግስቱ መኪናው መንገዱ ካለቀበት አውርዷቸው ተመለሰ። ከየዩኒቨርሲቲው የመጡ አሥር ያህል መምህራን በእግር ወጡ፤ ለዳኛቸው ግን ባንተአምላክ በቅሎ አዘጋጅቶለታል። ጋቢም አለበሰው። ኮርቻውን በገዛ እጁ አጠበቀለት። ባለበቅሎው ደረጄ የሚባል ነገረኛ ጎልማሳ ነው።

«ያኔ በየት በኩል ነበር የሚወጡት፣ ዶክተር?» አለ ባንተአምላክ ከጎን እየሄደ።

ዳኛቸው በእጁ ወደ ግራ ጠቆመ። «በዚያ በኩል።»

ደረጄ ዞሮ አየ። «በዚያ በኩል? ጌታዬ፣ በዚያ ገደል ጭላዳም አይወጣ!»

«መንገዱ ተለውጦ ይሆናል» አለ ዳኛቸው።

«ገደሉማ ያው ነው» አለ ደረጄ፤ በቅሎዋንም ቸብ አደረጋት።

ሕዝቡ ከኮሶው ሥር ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ሦስት መቶ ሰው ይሆናል፤ ሁሉም ነጭ ለብሷል። ዳኛቸው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለእሱ ክብር የወጣ ሕዝብ መስሎታል። ስድስቱ ሽማግሌዎች በድንጋያቸው ተቀምጠዋል፤ ሰባተኛው ድንጋይ ባዶ ነው። እንግዶቹን ሣር ላይ አስቀመጧቸው። ባንተአምላክ አልተቀመጠም። ከኋላ ቆመ።

አያ ትእዛዝ ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ፣ «ዛሬ የተሰበሰብነው ንብረት ጠፍቶብናል ያለ ሰው ስላለ ነው» አሉ። «እንግዳ ግን ይቀድማል። ይናገሩ።»

ዳኛቸው ብድግ አለ። «ወገኖቼ፣ ወደ ቤቴ ተመለስኩ!» ሲል ጀመረ። አማረለት። ወጣት ሳለ እዚህ መንደር ሦስት ወር እንደኖረ፣ ብርዱን፣ የገብሱን ቂጣ፣ የሰዉን ደግነት እንዳልረሳ ተናገረ። «በተለይም ያስጠጋኝን፣ እንደ አባት ያስተማረኝን አቶ ሙላቴን» አለ፤ መጽሔቱን ከፍ አድርጎ ይዞ። «ከአንድ መሶብ በልተናል። ምስጋናዬን እዚህ ጽፌዋለሁ።»

ጭብጨባ ጠበቀ። ነፋሱ ብቻ ኮሶውን ያንሿሿል።

«ማን ቤት አሉ?» አሉ አያ ትእዛዝ።

«አቶ ሙላቴ ቤት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከሴቶቹ ወገን እማሆይ ጌጤ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ድምፃቸው ግን እንደ ደወል ነው።

«ሙላቴ የማን ልጅ፣ ልጄ?»

«የአባቱን ስም... ጊዜው ስለረዘመ...»

«ቤቱስ በየት በኩል ነበር?»

ዳኛቸው ዙሪያውን ተመለከተ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች።»

«ወደ ታች መቃብር ነው። ሚስቱስ ማን ትባል ነበር? ሦስት ወር ያበላችህ?»

ከወደ ጎረምሶቹ አንዱ ሳቀ፤ ተቆጡት።

«ሞቷል ብለውኝ ነበር» አለ ዳኛቸው በመጨረሻ። ድምፁ ቀጥኗል።

«እኔ በዚህ ደብር ስልሳ ዓመት አልቅሻለሁ» አሉ እማሆይ ጌጤ። «አዋቂውንም ሕፃኑንም፣ የተወደደውንም የተጠላውንም አልቅሻለሁ። ሙላቴ ብዬ ያለቀስኩት የለም።»

ዳኛቸው ብልጥ ነው፤ በዚህች ቅጽበት እንኳ መውጫ አገኘ። ወደ መምህራኑ ዞሮ ፈገግ አለ። «ባልደረቦቼ ይህን ያውቃሉ። በጥናት ሥነ ምግባር የሰውን እውነተኛ ስም አንጽፍም። ሙላቴ እኔ ያወጣሁት ስም ነው።»

መምህራኑ ራሳቸውን በስምምነት ነቀነቁ። ባንተአምላክ ይህን አላሰበውም ነበር። አያ ትእዛዝ ግን አርባ ዓመት ሌባ ሲመረምሩ ኖረዋል።

«ደግ» አሉ ረጋ ብለው። «ስሙን ያወጡለት እርስዎ ከሆኑ ሰውየውን ያውቁታል። በጆሯችን እውነተኛ ስሙን ይንገሩንና ነፃ ይውጡ።»

ዳኛቸው መጽሔቱን ገለጥ ገለጥ አደረገ።

«ስሙ ከጠፋዎ ልጁን ያሳዩን። ሦስት ወር ከአንድ መሶብ ስትበሉ ልጅ አብሯችሁ ሳይኖር አይቀርም። የአገሩ ሰው ሁሉ እዚህ አለ።»

ዳኛቸው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ተመለከተ። ገበሬዎቹን፣ ቄሶቹን፣ ጎረምሶቹን አንድ በአንድ አየ። ዓይኑ ባንተአምላክ ላይ አረፈና አለፈ። ባንተአምላክ አልተነቃነቀም። በሕይወቱ ከዚያች ዝምታ የጣፈጠ ነገር ቀምሶ አያውቅም፤ ስትረዝም ደስ አለው፤ ትንሽ ብትረዝም ተመኘ።

«ከወረቀቱ ላይ ሙላቴ ያለውን አንብቡልን» አሉ እማሆይ ጌጤ። «ሰው በቃሉ ይታወቃል።»

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ትዕግሥት የምትባል ወጣት መምህርት፣ መጽሔቱን ከዳኛቸው እጅ ወስዳ ገልጣ አነበበች። «ሌባ ከብት ሲወስድ ዱካው ከከብቱ ኋላ ይሄዳል። ስም ሲወስድ ግን ዱካው ተበዳዩ ደጃፍ ላይ ይቀራል፤ ሰውም የሚከተለው እሱን ነው።»

ከሕዝቡ መካከል ጉምጉምታ ተነሣ። እማሆይ ጌጤ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ።

«ይሄማ የገሰሰ ነው! የገሰሰ አፍ ነው!»

ያኔ ባንተአምላክ ከኋላ ወደ ፊት መጣ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት።

«የጠፋብኝ ይህ ነው» አለ። «ሦስት ደብተር ነበር። አባቴ ስሜን አትጻፍ ስላለኝ ሙላቴ ያልኩት እኔ ነኝ። ደብተሮቹን ለመምህሬ በእጄ ሰጠሁ። ከዚያ ሌባ ተባልኩ።» ወደ ዳኛቸው ዞረ። «ዶክተር፣ ‹ልጅ ነው› ብለው ነበር። አደግሁ።»

ዳኛቸው አሁን አወቀው። ማወቁ ፊቱ ላይ ሲወርድ ታየ፤ ከግንባሩ ጀምሮ እስከ አገጩ። ጋቢው ከትከሻው ተንሸራቶ ወደቀ፤ አላነሣውም።

«ወስደሃል?» አሉ አያ ትእዛዝ። «እርስዎ» ማለቱን ትተዋል።

ዳኛቸው ወደ ባዶው ድንጋይ ተመለከተ።

«ወስጃለሁ» አለ።

ፍርዱ አጭር ነበር። የሰረቀውን በአፉ እንደመለሰ ሁሉ በወረቀትም ይመልስ፤ ለመጽሔቱ፣ ልጁን ላባረረው ትምህርት ቤት፣ ለራሱም አለቆች ይጻፍ፤ ቀነ ገደቡ የሰኔ ሚካኤል ይሁን። መምህራኑ ምስክር ናቸው። ከዚያ አያ ትእዛዝ ብድግ ብለው፣ «ገሰሰ ንጹሕ ነው» አሉ። ሴቶቹ እልል ማለት ሲጀምሩ እማሆይ ጌጤ ግን አለቀሱ።

«ባንተአምላክ» አሉ ሽማግሌው፤ «የአባትህ ድንጋይ ሃያ አንድ ዓመት ሰው አጥቶ ኖረ። ና፣ ተቀመጥ። ደንቡን ታውቃለህ፤ መጀመሪያ እጠይቅሃለሁ። በሆድህ ቂም አለ?»

ዳኛቸው ቀና ብሎ አየው። የለም ካለ ሁለቱ ይጨባበጣሉ፣ ከአንድ መሶብ ይበላሉ፣ ነገሩም ይቀበራል። የሰውየው ዓይን ውስጥ ያች ተስፋ ስትንቀሳቀስ ባንተአምላክ አያት።

«አለ» አለ።

«ልጄ» አሉ እማሆይ ጌጤ፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። የጠፋብህ ተመልሶልሃል።»

«ደብተሩ ተመልሷል፣ እማሆይ። አባቴ የቆመበት ስድስት ዓመት አልተመለሰም። እሱን የሚመልስ ካለ ያምጣልኝና የለም እላለሁ።»

አያ ትእዛዝ ወደ ድንጋያቸው ተመልሰው ተቀመጡ። «እንግዲያ ድንጋዩ አይሸከምህም።»

«አውቃለሁ፣ አያ ትእዛዝ። ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሲወርዱ ደረጄ በቅሎዋን አመጣ። ዳኛቸው እርካቡን ሁለት ጊዜ ሳተው። ባንተአምላክ ደግፎ አወጣው፤ የወደቀውን ጋቢም አራግፎ መልሶ አለበሰው።

«ይቅር በለኝ» አለ ዳኛቸው ጎንበስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

ባንተአምላክ ኮርቻውን አንድ ጊዜ ሳብ አድርጎ አጠበቀ።

«አሁንስ መንገዱን ያውቁታል» አለው። «ሁለተኛውን ጥናት ሲጽፉ ይጠቅምዎታል።»

ደብዳቤዎቹ ከሰኔ ሚካኤል በፊት ደረሱ። ዳኛቸው የማዕረግ ጥያቄውን ራሱ አንሥቷል። መጽሔቱ ጥናቱን መሰረዙን አስታወቀ፤ ያባረረው ትምህርት ቤትም ይቅርታ ጠየቀ። ሰላማዊት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አንብባ መነጽሯን አወለቀችና፣ «እሺ፣ አሁን ተፋታችሁ?» አለችው። ባንተአምላክ ደብዳቤዎቹን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተና ቁልፉን ኪሱ አደረገ።

አሁንም አውጫጭኝ ሲጠራ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ይወጣል። ከሕዝቡ ኋላ፣ አባቱ ይቆምበት ከነበረው ቦታ፣ የአባቱን ዱላ ተደግፎ ይቆማል። አያ ትእዛዝ ሁልጊዜ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁታል፤ እሱም ያንኑ ይመልሳል። እግሩ ሲዝል ወደ ድንጋዩ ያያል። ጭጋግ አጥቦት ያብለጨልጫል፤ ሰውም ርቆት ነው የሚቀመጠው። ደክሞኛል ብሎ አያውቅም።